ሶፋው የወጣበት ቀን

ባሏ ስልክ ሲያወራ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ የመክፈት ልማድ አለው። ውሃው ሲንሿሿ ድምፁን የሚውጥለት ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይውጥለታል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን በወሬው መሀል ውሃው ቀጥ አለ። በሰፈሩ ውሃ ሳይናገር መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ግድግዳውን አልፎ የመጣው ወሬ ነው። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የሥራ ሽርጧን እያጠፈች ነበር። «ለትምህርት ብላ ያጠራቀመችው ነው እንጂ ሌላ ከየት አመጣለሁ ጋሼ? አሁን አንዴ ወስደኸዋል፣ አትጨነቅ፤ ሞተሩን አስገጥም። እሷ እንደሆነች ሁለት ሳምንት ተመላልሳ ይሰለቻታል። በዚህ ዕድሜዋ ምን ልትሆን ነው?» አለና ድንገት ዝም አለ። ውሃው መሄዱን ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው፤ አንድ ያረጀ ታክሲ አለው፣ ሞተሩ ከተቃጠለ ወር አልፎታል። እሷ ሽርጧን አጥፋ ጨረሰች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ መልሳ አውጥታ እንደገና አጠፈችው። ባሏ ፊቱን ሳሙና እንደለበሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። «ውሃ ሄደ። እስቲ ከበርሜሉ ቅጂልኝ» አላት። በጆግ ቀዳች። ጎንበስ አለላት፣ ታፈስለት ጀመር። ሃያ ሁለት ዓመት የምታውቀው ማጅራት ነው፤ መሀሉ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር ታውቃታለች። «ገንዘቡ ባንክ ነው አይደል? ዛሬ እኮ የመጨረሻው የምዝገባ ቀን ነው» አለችው። «የት ይሄዳል?» አለ በሳሙናው መሀል፣ ቀና ሳይል። «ግን ዛሬ ሥራ ጠምዶ ነው የሚይዘኝ፣ ባንክ መሄድ አልችልም። በሚቀጥለው ዙር ብትመዘገቢ ምን ይልሻል?» በጆጉ የቀረውን ውሃ በአንድ ጊዜ ማጅራቱ ላይ ደፋችው። «ኧረ ቀስ!» ብሎ ዘለለ። «ይቅርታ» አለች። ፎጣውን አቀበለችው። እሱም ፊቱን እያደረቀ፣ ማታ ጋሼና ባለቤቱ እንደሚመጡ፣ ታክሲው ዛሬ ከጋራዥ ስለሚወጣ ደስ ብሏቸው እንደሆነ፣ ሳሎኑንም ትንሽ እንድታሰናዳው ነገራትና ሸሚዙን ሊለብስ ገባ።

ገንዘቡ የማን እንደሆነ ቤት ውስጥ የሚከራከር አልነበረም። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ስብሰባ በበዛ ቁጥር ሌላው ሲወጣ እሷ ትቀራለች፤ የአስተናጋጆቹን ዩኒፎርም ቁልፍ ትተክላለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ በዓመት እረፍቷ ሳይቀር ገብታ ትሠራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየተባለ የተጠራቀመ ነው። ባንክ ሄዳ «በማን ስም ይሁን?» ሲሏት «በሁለታችን» ያለችው ብዙም ሳታስብበት ነው። ባልና ሚስት ሌላ ምን ይላል? የምትማረው ኬሚስትሪ ነው፣ በአንድ ኮሌጅ የማታ ፕሮግራም። በልጅነቷ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ በጥሩ ውጤት አልፋ የተወችው ትምህርት ነው፤ ያኔ ቤት ውስጥ ሰው ታሞ ስለነበር ለአንድ ክረምት ብቻ ብላ ሥራ ገባች፣ ያ ክረምት እስካሁን አላባራም። ዘንድሮ የመግቢያ ፈተናውን ማለፏን ስትነግረው ባሏ «ሳሙናው አልበቃ ብሎሽ ነው?» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ልጃቸው ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ማንም አልሳቀም፤ አባቷ ከመሥሪያ ቤቱ ተበድሮ ነው የላካት፣ ይሰለቻታል ያለም ሰው አልነበረም።

እሱ ሥራ ሲሄድ እሷ ሳሎኑ መሀል ቆማ ቀረች። ፈረቃዋ እስኪገባ ጥቂት ሰዓት አላት። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ከግማሽ በላዩን የያዘው ሶፋው ነው። ቡናማ፣ ባለ ክንድ፣ ሰባት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ። የቤቱ ሰው እንደ እግረኛ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው፤ ቴሌቪዥን የሚያዩት ከበርጩማ ላይ ነው፤ አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ እንኳ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት በርጩማ ላይ ነው የሚውሉት። ሶፋው የእንግዳ ነው። የገዛችው እሷ ናት፣ በአንድ ዓመት የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ፤ ባሏ ግን ለመጣ ሰው ሁሉ «ሶፋዬ እንዴት ነው?» እያለ ነው የሚያሳየው። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ይኼ ነገር ከንክኗት አያውቅም። ወደ ማድቤት ሄደች፣ የሚታጠብ ዕቃ አየች፣ አላጠበችውም። ተመልሳ መጣች። ስልኳን አነሳችና መንገዱ ማዶ አሮጌ ዕቃ የሚገዛና የሚሸጠውን ነጋዴ ደወለችለት። «ሶፋ አለኝ። ዛሬ፣ አሁን፣ በእጅ በእጅ የምትከፍል ከሆነ ና።»

ነጋዴው ሁለት ተሸካሚዎችና አንድ ጋሪ ይዞ ከተፍ አለ። ቦርጫም፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሰው ነው። እንደ ሐኪም የሶፋውን ክንድ ኳ ኳ አደረገ፣ ተንበርክኮ ሥሩን አየ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ያው አሮጌ ነው፣ እህቴ።»

«የቱ ነው አሮጌ? ላስቲኩን አታይም? ከተገዛ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሰው አልተቀመጠበትም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ያልተቀመጠበት ሶፋ?»

«ሙዚየም ነው የያዝነው።»

ሳቀና ዋጋ ጠራ። «እግሩን ብቻ ነው እንዴ የምትገዛኝ?» አለችው። ጨመረ። እሷ አንገቷን ነቀነቀች። ዝም ብሎ ቢያያት እሷም ዝም ብላ አየችው፤ ሌላው ሲወጣ ሆቴሉ ውስጥ ብቻዋን ስለምታመሽ ዝምታ ላይ ማንም አይችላትም። በመጨረሻ የጠራው ዋጋ ለመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከሚከፈለው ትንሽ ጎደለ፤ መሀል ጠረጴዛውን በዓይኗ አሳየችው፤ እሱም ትከሻውን ሰብቆ ጠረጴዛውን ጨምሮ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሶፋው ግን በበሩ አልወጣ አለ። ሲገባም በሩ ተነቅሎ ነው የገባው፤ ያኔ ባሏ መዶሻ ይዞ ሲዘፍን ነበር። አሁን እሷ ራሷ መፍቻውን አመጣች፣ በሩ ከማጠፊያው ተነሳ፣ ጎረቤቱም ለምስክርነት እንደተጠራ ሁሉ ደጅ ደጁ ወጣ።

አማቷ ከጓዳቸው ብቅ ያሉት ያን ጊዜ ነው። በበሩ ማለፍ ስላልቻሉ ተሸካሚዎቹ እስኪያልፉ ጠበቁ። ከዚያ ባዶውን ወለል አዩት፤ ሌላው ወለል ደብዝዞ ሶፋው የነበረበት ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል።

«ምን እየተደረገ ነው ልጄ?»

«ሸጥኩት እማማ።»

«እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም። ገንዘቤን ለጋሼ ሲሰጥ እኔም አላወቅሁም ነበር።»

አሮጊቷ ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ሁለቱም ልጆቻቸው ናቸው፤ የታክሲው ሞተር ሲቃጠል ከማንም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። የሰጪውንም የተቀባዩንም ነገር ያውቁ ነበር ወይ ብላ ልትጠይቃቸው ፈለገችና ተወችው። «ያን ላስቲክ እንኳ ይዘውልን መሄዳቸው ጥሩ ነው» አሉ አማትየዋ በመጨረሻ፤ «አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ተቀምጬበት ቆዳዬን ልጦት ነበር።» ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ግን እጇን ያዝ አደረጉና «አንቺ የፈለግሽውን አድርጊ፤ ልጄን ግን ሰው ፊት አታዋርጂብኝ» አሏት። በሩን መልሳ ገጠመችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

የልብስ ማጠቢያው ከሆቴሉ ሥር፣ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ እንፋሎት፣ የክሎሪን ሽታና የማሽን ጩኸት ነው ያለው። እዚያ የሚሠሩት ሁሉ ሲያወሩ ይጮኻሉ፣ ቤታቸው ሲገቡም መጮኻቸውን ስለሚረሱት ከሰው ጋር የተጣሉ ይመስላሉ። የመግቢያ ፈተናውን ካለፈች ጀምሮ «ዶክተሯ» ነው የሚሏት። አብራት የምትሠራዋ ቀጮ የምትባል፣ ስሟን የመሰለች ቀጭን ሴት ናት። ትልልቁን አንሶላ ሁለቱ ናቸው የሚያጥፉት፤ አንዷ በዚያ ጫፍ፣ አንዷ በዚህ ጫፍ ይይዙና እየተራራቁ ይወጥሩታል፣ እየተቀራረቡ ያጥፉታል፤ ስለዚህ ወሬያቸው ሁሉ የሚያልቀው በተገናኙ ቁጥር እየተቆራረጠ ነው። «ሶፋውን ሸጥኩት» አለቻት የመጀመሪያውን አንሶላ አገናኝተው። ተራራቁ። በሁለተኛው ሲገናኙ ቀጮ «የቱን ሶፋ?» አለች። በሦስተኛው ስለ ገንዘቡና ማታ ስለሚመጡት እንግዶች ነገረቻት። በአራተኛው ቀጮ አንሶላውን መሬት ላይ ጥላ ቆመች። «ማታ እኮ ይመጣሉ ብለሻል! ምን ላይ ልታስቀምጫቸው ነው?» አለች። «ጋሼ ይቁማ። ታክሲው ውስጥ ሙሉ ቀን ተቀምጦ አይደል የሚውለው?» አለች እሷ። ቀጮ እየሳቀች አንሶላውን አነሳች፣ ቆሽሾ ስለነበር ወደ ማሽኑ መለሰችው፤ ከዚያም ሳትጠየቅ፣ ከሰኞ ጀምሮ የጠዋቱን ፈረቃ ልትለቅላት፣ የማታውን ራሷ ልትይዝ ቃል ገባችላት። ጠዋት መነሳት ለቀጮ ሞት ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ግን አልሳቀም። ከልጇ ብዙም የማይበልጥ፣ ክራቫቱን ሲያስር ራሱን የሚያንቅ ወጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ቶሎ ልውጣ ስትለው የሦስት መቶ ሰው ስብሰባ እንዳለ፣ የጠረጴዛ ልብሱ ገና እርጥብ እንደሆነ፣ ዛሬ ማንም እንደማይወጣ ነገራት። «የዛሬ ሳምንት ብትጠይቂኝ ኖሮ» አለ። «የዛሬ ሳምንት ገንዘቤ ነበረኛ» አለችው፤ አልገባውም። የቀኗን ክፍያ እንደሚቆርጥባት ነገራት። «ቁረጠው። ፈቃድ የጠየቅሁህ ደንብ ነው ብዬ እንጂ መሄዱንስ እሄዳለሁ» አለችና ሽርጧን ፈታች። ማሽኑ ዳር የቆሙት ሴቶች ዞረው አዩ፤ አንዷ ደግሞ ጮክ ብላ «ዶክተር ተጠርታ ነው!» አለች።

ኮሌጁ በአውቶቡስ ሁለት መቀየሪያ ነው። መመዝገቢያው ረጅም ኮሪደር ሲሆን መጨረሻው ላይ አንድ የመስተዋት መስኮት አለ፤ ገንዘብ የሚሰጥበት ቀዳዳ የተከፈተው ከወገብ በታች ስለሆነ ቢያስፈልግም ባያስፈልግም ሁሉም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚከፍለው። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቷ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ልጅ፣ ከኋላዋ እርስ በርስ ፎቶ የሚነሳሱ ሁለት ወጣት ሴቶች። «ማዘር፣ የወላጆች ሰልፍ በዚያ በኩል ነው» አሏት ሴቶቹ፣ በቅን ልብ። «የኔ በዚህ በኩል ነው» አለቻቸው። ተያዩና ከፎቷቸው አስገቧት። የክሎሪኑ ሽታ ከእጇ አለመልቀቁን ያወቀችው ያኔ ነው፤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ገንዘብ የያዘውን እጇን አላወጣችም።

ከፊቷ ሁለት ሰው ሲቀር ስልኳ ጮኸ።

«ሶፋው የት ሄደ?» አለ ባሏ። ጎረቤት ደውሎለታል፤ ጎረቤትማ መቼ ዝም ይላል።

«ገንዘቡ የት ሄደ?» አለችው።

ከወዲያኛው ጫፍ የመጋዘኑ ጩኸት ይሰማታል። ባሏ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ የሰው ዕቃ ሲጠፋ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃለች። ይኼኛው ድምፁ ግን እንደዚያ አልነበረም። «ማታ እነግርሻለሁ ብዬ ነው... ጋሼ ሦስት ልጅ ይዞ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አደረገው። «አሁን የት ነሽ? ከፍለሻል?»

«ሁለት ሰው ቀርቶኛል።»

«አትክፈዪ። ነጋዴውን አነጋግሬዋለሁ፣ ገንዘቡን ከመለስሽለት ሶፋውን ይመልሳል። ማታ ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ስሚ፣ ከፍለሽ ከመጣሽ እኔን ቤት አታገኚኝም።»

ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካው ልጅ ከፍሎ ዞረ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚሰማት መሰላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጣልተው ያውቃሉ፣ አኩርፈው ያውቃሉ፣ ቤት አታገኚኝም ግን ተባብለው አያውቁም። ሰልፉን ትታ ብትወጣ ማንም ልብ አይላትም፤ ሶፋው እስከ ምሽት ይመለሳል፣ በሩ እንደገና ይነቀላል፣ ጋሼ ላስቲኩ ላይ ተንደላቆ ይቀመጣል፣ እሷም ሻይ ታቀርባለች። ያን ሻይ ስታቀርብ ራሷን አየችው። «የምትሄድ ከሆነ በሩን በደንብ ግፋው፤ ዛሬ ተነቅሎ ስለነበር አይገጥምም» አለችውና ዘጋችው።

ተራዋ ደረሰ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ቀና ሳትል «ተማሪው ራሱ መምጣት ነበረበት፣ እናቴ። ወላጅ ብቻውን አይመዘግብም» አለቻት በቀዳዳው በኩል። እሷ ጎንበስ አላለችም። ቀጥ ብላ እንደቆመች፣ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማሽኑን አሸንፋ በምትናገርበት ድምፅ፣ «ተማሪዋ እኔ ነኝ!» አለች። ገንዘብ ተቀባይዋ ተነስታ በመስተዋቱ አየቻት። «ይቅርታ፣ ለልጅዎ መስሎኝ ነው። ምንድን ነው የሚማሩት?» «ኬሚስትሪ።» «ኧረ! እኔን ከትምህርት ያስለቀቀኝ ኬሚስትሪ ነው» አለች ልጅቷ፣ ገንዘቡን ወስዳ ማሽኑ ውስጥ እየከተተች። ማሽኑ ገንዘቡን ሲቆጥር የሚያሰማው ድምፅ አጭር ነው። ያ ሁሉ ሶፋ በዚያች አጭር ድምፅ አለቀ።

ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ አልቸኮለም። ከአውቶቡስ ወርዳ በሰፈሩ ውስጥ ስታልፍ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሱቅ በር ላይ ሶፋዋ ላስቲኩ ተገፎ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ተሸካሚዎች እግራቸውን ዘርግተው ተኝተውበታል። እንደዚያ ምቹ መሆኑን አታውቅም ነበር። ከቤቷ ደጅ ስትደርስ ወደ መስኮቱ ማየት ፈራች፤ ከዚያ አየች። መብራቱ በርቷል። ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ከድምፆቹ መሀል ደግሞ የባሏ አለበት።

ሳሎኑ መሀል፣ በዚያ በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ፣ ከጎረቤት የተዋሷቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። አንዱ ላይ ጋሼ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ አንዱ ላይ ባለቤቱ፣ አማትየዋ በርጩማቸው ላይ። ባሏ ቆሟል፤ ወንበሩ አልደረሰለትም። ስትገባ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። ጋሼ ግን ፊቱ ፈክቷል፤ ሞተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ዳገቱን ሳያቃስት ወጥቶታል እያለ ያወራል። ሰላም ካላት በኋላ ወንበሩን በእጁ ደብደብ አድርጎ «ሶፋችሁ ልብስ ሊቀየርለት ሄደ አሉ። ምን ዓይነት ቀለም መረጥሽለት?» አላት።

ባሏን አየችው። ፊቱ ላይ ልመና አለ። አማቷን አየቻቸው፤ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባት፤ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ። እንደዚያ ብላ ሻይ ልታፈላ መሄድ ትችላለች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ግድግዳው ሥር አስቀመጠች።

«ልብስ ሊቀየርለት አይደለም ጋሼ። ሸጬዋለሁ።»

«ምን?»

«ሸጬዋለሁ። የኮሌጅ መክፈያ አጣሁ። ያጠራቀምኩት የእርስዎ ሞተር ውስጥ ገብቷል።»

ጋሼ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፣ ወይም ሊመቻች ፈለገ፤ ፕላስቲኩ ተንቋቋ። ባለቤቱ ግን ስኒዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ወፍራም፣ ዝግ ያለች፣ ገበያ ውስጥ አትክልት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ቤታቸው በመጣች ቁጥር ሁለት ቃል ከተናገረች ብዙ ነው። ወደ ባሏ ዞረች። «ወንድሜ ከቦነሱ ላይ ሰጠኝ አይደል ያልከኝ? የሷ ነው እንዴ?» አለችው። «እኔ እኮ ብድር ነው የወሰድኩት፣ አልሰረቅሁም!» አለ ጋሼ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ደሞስ አንቺ፣ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ተሸክመሽ ማንን ልታስቂ ነው? እኔ የልጆች ዳቦ ነው የያዝኩት!»

«ይያዙ። ዳቦውን አልነካሁም። ቢነግሩኝ ኖሮ ራሴ እሰጥዎት ይሆን ነበር፣ አላውቅም፤ አልጠየቃችሁኝም። የዛሬውን ከፍያለሁ። የሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ሲደርስ ግን የምሸጠው ሶፋ የለኝም፤ እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት። ታክሲው ዳገት ይወጣል ብለዋል፤ እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ይዘውት ይመጣሉ።»

ጋሼ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ዝም ትላታለህ?» አለው። ባልየው አፉን ከፈተ። እሷም ጠበቀች፤ ምን እንደሚል በእውነት አታውቅም ነበር። «የሷ ነው» አለ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ። «ገንዘቡ የሷ ነው ጋሼ። እኔ ማዘዝ አልነበረብኝም።» የጋሼ ባለቤት ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ማስቀመጫ ጠረጴዛም አልነበረም። «በየሳምንቱ አመጣልሻለሁ። ከሱ እጅ አትጠብቂ፣ እኔ ነኝ የማመጣው» አለችና ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። ጋሼም ተከትሏት ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ ከደጅ ተሰማ፤ እውነትም ጥሩ ሞተር ነው።

አማቷ እንግዶቹን ሊሸኙ አልወጡም። በርጩማቸውን ራሳቸው አንስተው ወደ ጓዳቸው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ለምኜሽ ነበር» አሉ፣ ሳይዞሩ። እሷ «አዎ እማማ» አለች። በሩ ተዘጋ። ያን በር ነገ ስታንኳኳ ምን እንደሚሏት አታውቅም፤ ምናልባት ሳምንት ያኮርፏት ይሆናል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ሆኖም ቃሏን ወደ ኋላ ልትመልሰው አልፈለገችም፤ ደግመው ቢጠይቋት ደግማ ያንኑ ትላለች።

ስኒዎቹን ሰበሰበች። ባሏ የተዋሳቸውን ወንበሮች አንድ ላይ እየደራረበ ነበር፤ የመጨረሻውን ሳይጨምር ተቀመጠበት። ውሃው ተመልሶ ስለነበር ጠዋት ሳይዘጋ የቀረው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ይንሿሿል፤ ሄዳ ዘጋችው። ስትመለስ እሱ ባዶውን ሳሎን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ ክፍሉ እንዲህ ሰፊ መሆኑን ስድስት ዓመት ሙሉ ረስተውታል።

«ስንት ዓመት ነው ይኼ ትምህርት?» አላት።

«አምስት። የማታ ስለሆነ ይረዝማል።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ከጎረቤት ወንበር እየተዋስን ልንቀመጥ?»

«አንተ እንደሚመችህ አድርግ» አለች፣ ሽርጧን ለነገ ከቦርሳዋ እያወጣች። «እኔ ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ወንበር አለኝ።»